ጥርስን ከማፋጨትና ከጨዋታ አደጋ ስለ መጠበቅ

(ለመምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ ትምህርት)

ጥርስ ምግብን ለማድቀቅ፣ ንግግርን ለማስተካከልና ለፊት መልክ ለመስጠት የተሠራ የአካል ክፍል መሆኑን የማያውቅ የለም። ስለ ጥርስ ንጽሕናም፣ ይኸውም በመፋቂያ ወይም በብሩሽ ስለ ማጽዳትና ጣፋጭ ነገርን ስለ መቀነስ፣ በየጊዜው ብዙ ይነገራል። ነገር ግን ንጹሕና ጤነኛ የሆነው ጥርስ እንኳ በሌሎች ሁለት ምክንያቶች ሊበላሽ ይችላል። አንደኛው ሰው ተኝቶ ሳለ ጥርሱን ማፋጨቱ ነው፤ ሁለተኛው በጨዋታ ሜዳ ላይ በአፍ ላይ የሚደርስ ምት ነው። የመጀመሪያው ጥርስን እንደ ሞረድ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ሁለተኛው ግን በአንድ ቅጽበት ይሰብረዋል ወይም ከሥሩ ይነቅለዋል። ለሁለቱም በጥርስ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ ተሠርቶላቸዋል። ሁለቱ መከላከያዎች በመልክ ቢመሳሰሉም በሥራቸው ስለሚለያዩ፣ እያንዳንዳቸው መቼና እንዴት እንደሚያገለግሉ፣ አደጋም በደረሰ ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት ከዚህ በታች በየተራ እንገልጻለን።

1ኛ፤ የጠፋ ጥርስ ስለማይተካ

የጥርስን ላይኛ ክፍል የሚሸፍነው ነጭ ቅርፊት ኢናሜል ይባላል። በሰው አካል ውስጥ ከእርሱ የሚጠነክር ነገር የለም፤ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነውና። ይሁን እንጂ ሕይወት ያለው ሕዋስ በውስጡ ስለሌለ፣ አንድ ጊዜ ከተፋቀ ወይም ከተሰበረ ተመልሶ አያድግም። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ የቆሰለ ቆዳ ይሽራል፤ የተቆረሰ ጥርስ ግን እንደ ተቆረሰ ይኖራል።

ሕፃን በመጀመሪያ 20 የወተት ጥርሶች ያወጣል። ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ እነዚህ በየተራ እየወለቁ ቋሚዎቹ ይተካሉ፤ በመጨረሻ የሚወጡት የኋላ መንጋጋዎች ሲጨመሩ የጎልማሳ ሰው ጥርስ 32 ይሆናል። የላይኞቹ ሁለት ታላላቅ የፊት ጥርሶች የሚወጡት ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት ሲሆነው ነው። በጨዋታ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚመቱትም እነዚሁ ናቸው። እንግዲህ በ9 ዓመቱ የፊት ጥርሱን ያጣ ልጅ ዕድሜውን ሁሉ ያለዚያ ጥርስ ይኖራል ማለት ነው። በመንጋጭላው አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ቢፈለግለትም፣ መንጋጭላው እድገቱን እስኪጨርስ ድረስ ብዙ ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ልጁ በክፍል ውስጥ ሲያነብ የሚደናቀፈው፣ ሲስቅም አፉን በእጁ የሚሸፍነው በእነዚያው ዓመታት ነው።

2ኛ፤ በእንቅልፍ ጊዜ ጥርስን ስለ ማፋጨት

ብዙ ሰው ጥርሱን እንደሚያፋጭ የሚያውቀው ከራሱ ሳይሆን አጠገቡ ከሚተኛው ሰው ነው። ድምፁ ለሰሚው የሚዘገንን ሲሆን አፋጪው ግን አይነቃም። ማፋጨት በቀንም ይገኛል፤ ነገር ግን የቀኑ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ሰውየው ሲያስብ፣ ሲናደድ ወይም በሥራ ሲጠመድ ሳይታወቀው ጥርሱን ገጥሞ ይጫናል። «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» የሚለው አነጋገር ጭንቀትና መንጋጭላ እንደሚተዋወቁ ሕዝቡ ከጥንት የተገነዘበ መሆኑን ያሳያል።

የማፋጨት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው። ጠዋት ሲነሡ መንጋጭላን መድከምና ማመም፤ በጆሮ ግንድ ዙሪያ የሚሰማ ራስ ምታት፤ የጥርስ ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ መታየት፤ ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ነገር ሲነካው ጥርስን መጠዝጠዝ፤ በሐኪም የተሞላ ጥርስ ሙሌቱ በየጊዜው መሰበር። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢገኝ በሌላ ምክንያት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ በአንድነት ከታዩ ግን ለጥርስ ሐኪም ማሳየት ይገባል።

ስለ ምክንያቱ በሕዝብ ዘንድ የቆየ አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም ጥርሱን የሚያፋጭ ልጅ ሆዱ ውስጥ ወስፋት አለበት የሚለው ነው። ወስፋት በምርመራ ሲታወቅ መታከም የሚገባው በሽታ መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም ማፋጨት ብቻውን የወስፋት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ብዙ ልጆች ምንም ትል ሳይኖርባቸው ያፋጫሉ፤ አብዛኛዎቹም እያደጉ ሲሄዱ ይተዉታል። ስለዚህ በማፋጨቱ ብቻ ተነሥቶ ለልጅ በየጊዜው የወስፋት መድኃኒት ማጠጣት ተገቢ አይደለም፤ ከዚህ ይልቅ ሰገራውን በጤና ጣቢያ ማስመርመር ይሻላል።

ዛሬ የታወቁት ምክንያቶች ከአንድ በላይ ናቸው። ጭንቀትና ሐሳብ ከፍ ያለ ድርሻ አላቸው። ቡና አብዝቶ መጠጣት፣ አልኮልና ትንባሆ ያባብሱታል። ጫትም ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር ስላለበት እንቅልፍን ያውካል፤ ለብዙ ሰዓት ማላመጡም የመንጋጭላን ጡንቻ ያደክማል። ለመንፈስ ጭንቀት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ማፋጨትን ያመጣሉ፤ ይህ የደረሰበት ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ ሳይሆን ላዘዘለት ሐኪም መንገር አለበት። ደግሞም በኃይል የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ መካከል ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚባንን ሰው ጥርሱንም የሚያፋጭ ከሆነ፣ ከጥርሱ አስቀድሞ አተነፋፈሱ መመርመር አለበት።

3ኛ፤ የሌሊት መከላከያ

የሌሊት መከላከያ የሚባለው ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ፣ የላይኛውን ወይም የታችኛውን ጥርስ የሚሸፍን ቀጭን ልባስ ነው። የጥርስ ሐኪም የሰውየውን የጥርስ ቅርጽ ወስዶ ልክ በልኩ ያሠራለታል። ሰውየው ሌሊት ሲያፋጭ የሚበላው ፕላስቲኩ እንጂ ኢናሜሉ አይሆንም። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ይለወጣል፤ ኢናሜል ግን መለወጫ የለውም። የመከላከያው ጥቅም በአጭሩ ይህ ነው።

ነገር ግን ወሰኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የሌሊት መከላከያ ጥርስን ይጠብቃል እንጂ የማፋጨትን ልማድ አያድንም። ስለዚህ መከላከያውን ያጠለቀ ሰው ከመኝታ በፊት ቡና መተውን፣ በጊዜ መተኛትንና ሐሳቡን ማሳረፍን መዘንጋት አይገባውም። በቀን ለሚጫን ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚቀለው መድኃኒት «ከንፈር ይገጠም፤ ጥርስ ይለያይ» የሚለው ደንብ ነው። ሰው በማይበላበትና በማይውጥበት ጊዜ የላይና የታች ጥርሶቹ መነካካት የለባቸውም፤ በመካከላቸው ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት። በሥራ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ምልክት አድርጎ፣ ባዩት ቁጥር መንጋጭላን ማላላት ልማዱን ለማስተው ይረዳል።

ለሕፃናት መንጋጭላቸው በማደግ ላይ ስለሆነ የሌሊት መከላከያ በአብዛኛው አይታዘዝም። ለስፖርት የሚያገለግለውን ለስላሳ መከላከያ ለሌሊት ማፋጨት ያለ ሐኪም ምክር ማጥለቅም አይገባም፤ አንዳንድ ሰው ለስላሳውን ነገር ሲያገኝ ይበልጥ ማኘክ ይጀምራልና።

4ኛ፤ የስፖርት መከላከያ አመጣጥ

(በዚህ ክፍል የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የስፖርት ጥርስ መከላከያ የተጀመረው በቦክስ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዎልፍ ክራውስ የሚባል የለንደን የጥርስ ሐኪም ጉታ ፐርቻ ከተባለው የዛፍ ሙጫ ቁራጭ እየሠራ በቦክሰኞች የላይኛ ጥርስ ላይ ይለጥፍ ነበር። ልጁ ፊሊፕ ክራውስም የጥርስ ሐኪም ሆኖ፣ እየተጠለቀና እየወለቀ ደጋግሞ የሚያገለግል የጎማ መከላከያ ሠራ። ታዋቂው እንግሊዛዊ ቦክሰኛ ቴድ ኪድ ሉዊስ በዚህ መከላከያ ሲጠቀም፣ ሌሎች ግን ከደንብ ውጭ ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር።

ክርክሩን ያበረደው በ1927 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ማይክ መክቲግ ከጃክ ሻርኪ ጋር ሲጋጠም፣ የተቆረሰ ጥርሱ ከንፈሩን ክፉኛ ስለ ቆረጠው ውድድሩን ለማቋረጥ ተገደደ። ከዚያ በኋላ መከላከያ በቦክስ ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። ኳስ በእጅ ተይዞ በግፊያ በሚጫወቱት የአሜሪካ እግር ኳስም በ1962 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ ለኮሌጅ ተጫዋቾች ግዴታ ሆነ።

ጥቅሙን በቁጥር ለማየት የኒው ዚላንድን ምሳሌ እናንሣ። በዚያ አገር ራግቢ የሚባለው ኃይለኛ የኳስ ጨዋታ በጣም የተወደደ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መከላከያ ለተጫዋቾች ሁሉ ግዴታ ሆነ። መከላከያ የማጥለቅ ልማድ በ1993 ዓ.ም. 67 በመቶ የነበረው በ2003 ዓ.ም. 93 በመቶ ደረሰ። በራግቢ ምክንያት ለጥርስ ጉዳት የሚቀርበው የካሣ ጥያቄም ከ1995 እስከ 2003 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በ43 በመቶ ቀነሰ። ከዚህም በላይ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ ግምገማ፣ መከላከያ የማያጠልቅ ተጫዋች በአፉና በጥርሱ ላይ የመጎዳት ዕድሉ ከሚያጠልቀው ከ1.6 እስከ 1.9 እጥፍ እንደሚበልጥ አስረድቷል። መከላከያ ጉዳትን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ነገር ግን በግልጽ ይቀንሰዋል።

የሚሠራውም እንዲህ ነው። ምት ሲደርስ ኃይሉ በአንድ ጥርስ ላይ ብቻ እንዳያርፍ በብዙዎቹ ላይ ያካፍለዋል፤ ከፊሉንም ራሱ ይውጠዋል። የታችኛው መንጋጭላ ወደ ላይ ሲገፋ ጥርስ ከጥርስ ጋር እንዳይጋጭ በመካከል ይሆናል። ከንፈርንና ጉንጭንም ከጥርስ ስለት ይለያል። አንጎል በምት እንዳይናወጥ ግን ዋስትና አይሆንም፤ ስለዚህ መከላከያ ያጠለቀ ተጫዋች ራሱን ተመትቶ ቢደናገር ወይም ቢያጥወለውለው ከሜዳ ወጥቶ መታየት ይገባዋል።

5ኛ፤ የመከላከያ ዓይነቶችና አያያዛቸው

ሦስት ዓይነት መከላከያዎች አሉ።

ሀ) ተሠርቶ የሚሸጥና እንዳለ የሚጠለቅ። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ልክ ስለማይሆን በጥርስ ተነክሶ ካልተያዘ ይወድቃል፤ ንግግርንና ትንፋሽንም ያውካል።

ለ) በሙቅ ውኃ ለስልሶ በአፍ ውስጥ ቅርጽ የሚይዝ። በእሽጉ ላይ የታዘዘውን ያህል ጊዜ በሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከርና አፍ እንዳያቃጥል ጥቂት ቀዝቀዝ ይላል፤ ከዚያም በላይኛው ጥርስ ላይ ተደርጎ በጣትና በምላስ እየተጫኑ ይነከሳል። በጣም ከተነከሰ ስለሚሳሳ መጠበቂያነቱ ይቀንሳል።

ሐ) የጥርስ ሐኪም ቅርጽ ወስዶ የሚያሠራው። ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

የኋለኞቹ ሁለት ዓይነቶች በብዛት የሚሠሩት ኤቲሌን ቪኒል አሲቴት ከሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። መልካም መከላከያ አፍ ሲከፈት ሳይወድቅ በጥርስ ላይ ይቆያል፤ መተንፈስንና መናገርንም አይከለክልም። ጥርስ ለማስተካከል ሽቦ የታሰረለት ልጅ ሐኪሙን ሳያማክር ሁለተኛውን ዓይነት መጠቀም የለበትም፤ የለሰለሰው ፕላስቲክ ሽቦውን ሊይዝ ይችላልና።

አያያዙን በሚመለከት፣ ከተጠለቀ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ወይም በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፤ ደርቆም አየር በሚያስገባ ሣጥን ይቀመጣል። በፀሐይ ወይም በሙቀት አጠገብ ከተተወ ቅርጹ ይበላሻል። አንዱ ያጠለቀውን ሌላው ማጥለቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሲቀደድ፣ ሲላላ፣ ልጁም አዲስ ጥርስ ሲያወጣ መለወጥ አለበት። የመኪና ጎማ ቁራጭ፣ ማስቲካ ወይም የተጠቀለለ ጨርቅ በአፍ ይዞ መጫወት መከላከያ አይባልም፤ ወደ ጉሮሮ ገብቶ ትንፋሽን ሊዘጋ ይችላል።

6ኛ፤ ጥርስ በተነቀለ ጊዜ የሚደረግ የመጀመሪያ ርዳታ

መከላከያ በሌለበት ሜዳም ቢሆን፣ ይህን ክፍል የሚያውቅ አንድ መምህር የአንድን ልጅ ጥርስ ሊያድን ይችላል። በጣም ተጠንቅቆ ማንበብ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የወተት ጥርስ ሲወልቅ ወደ ቤት ጣራ መወርወር የአገራችን ልጆች የቆየ ጨዋታ ነው፤ ጉዳትም የለበትም። በምት የተነቀለ ቋሚ ጥርስ ግን የሚጣል ነገር አይደለም። በሥሩ ላይ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙ ሕያዋን ሕዋሳት ተጣብቀው ይቀራሉ። እነርሱ ሳይሞቱ ጥርሱ ወደ ቦታው ከተመለሰ እንደገና ሊይዝ ይችላል። ጥርሱ በደረቁ ከ60 ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን ሕዋሳቱ ስለሚሞቱ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ የሚከተለውን በፍጥነት መፈጸም ይገባል።

1. ልጁን ማረጋጋትና ማስቀመጥ፤ ራሱን የሳተ፣ ያስታወከ ወይም የተደናገረ እንደ ሆነ ግን ከጥርሱ አስቀድሞ ወደ ሐኪም ማድረስ።

2. ጥርሱን ፈልጎ በሚታየው ነጩ ክፍል በኩል ማንሣት፤ ሥሩን በእጅ አለመንካት።

3. አፈር የነካው እንደ ሆነ በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ማለቅለቅ፤ በሳሙና አለማጠብ፣ አለመፈግፈግ፣ በጨርቅ አለመጥረግ።

4. ቋሚ ጥርስ መሆኑ ከታወቀና ልጁ ነፍስ ያወቀ ከሆነ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ በቦታው ቀስ ብሎ መመለስና ንጹሕ ጨርቅ አስነክሶ መያዝ።

5. ይህ ካልተቻለ ጥርሱን በቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ማኖር፤ ወተት ከሌለ የልጁን ምራቅ በንጹሕ ዕቃ አጠራቅሞ በዚያ ውስጥ ማድረግ። ውኃ ለማቆያ መልካም አይደለም፤ ቢሆንም ጥርሱ ከሚደርቅ ይሻላል።

6. ሳይዘገዩ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገው እንደ ሆነም መጠየቅ።

የወተት ጥርስ በምት ቢነቀል ወደ ቦታው አይመለስም፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላልና። ጥርሱ ተቆርሶ ከሆነ ስብራቱን በወተት ወይም በውኃ ውስጥ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ሐኪሙ መልሶ ሊያጣብቀው የሚችልበት ጊዜ አለ።

7ኛ፤ ትምህርት ቤቶች ሊያደርጉት የሚችሉት

በየትምህርት ቤቱ ለተማሪ ሁሉ መከላከያ ለመግዛት ችሎታ አይኖር ይሆናል። ስለዚህ አደጋው ከሚበዛበት መጀመር ይሻላል። ቦክስና ይህን የመሰለ የመማታት ስፖርት የሚለማመድ ተማሪ ያለ መከላከያ መጋጠም የለበትም። ከዚያ ቀጥሎ የቅርጫት ኳስና የእግር ኳስ ተጫዋቾች፣ በተለይም በረኞች፣ በክርንና በጭንቅላት ስለሚጋጩ ቢያጠልቁ መልካም ነው። የገና ጨዋታም ቆልማማ ዱላና ጠንካራ ሩር ያለበት በመሆኑ፣ ዱላን ከትከሻ በላይ ማንሣትን መከልከልና ትንንሾቹን ከትልልቆቹ ለይቶ ማጫወት ይገባል።

ያለ ገንዘብ የሚደረግም ብዙ አለ። ሜዳውን ከድንጋይ ማጽዳት፤ የጎል አግዳሚ ሳይነቃነቅ መቆሙን መመርመር፤ በውኃ ቧንቧ አጠገብ መገፋፋትን መከልከል፤ ልጆች የጠርሙስ ቆርኪ በጥርስ እንዳይከፍቱ ማስተማር። በመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ላይም ከዚህ በላይ የተጻፉት ስድስት ትእዛዛት ተገልብጠው ቢለጠፉ፣ በአቅራቢያ ወተት የሚገኝበት ቤትና የጥርስ ሐኪም ያለበት ሆስፒታልም አስቀድሞ ቢታወቅ፣ በችግር ጊዜ በመጠያየቅ የሚጠፋው ደቂቃ ይተርፋል።

ለክፍል የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ኢናሜል ከተሰበረ በኋላ ተመልሶ የማያድገው ስለ ምንድን ነው?

2. ጥርሱን የሚያፋጭ ልጅ ሁሉ ወስፋት አለበት ማለት ይቻላልን? መልሱን አስረዱ።

3. የሌሊት መከላከያና የስፖርት መከላከያ በምን ይለያያሉ?

4. የተነቀለ ጥርስ በየትኛው ወገን ይያዛል? በምን ውስጥስ ይቀመጣል?

5. በትምህርት ቤታችሁ ሜዳ ላይ ጥርስን ሊጎዱ የሚችሉ ሦስት ነገሮችን ፈልጋችሁ ዘርዝሩ፤ እንዴት ሊወገዱ እንደሚችሉም ጻፉ።

መምህራን አምስተኛውን ጥያቄ ተማሪዎቹን ይዘው ወደ ሜዳው በመውጣት ቢያሠሩት ይመረጣል። ልጆቹ በዓይናቸው ያዩትንና በእጃቸው ያነሡትን ድንጋይ አይረሱም፤ የዚያን ዕለትም ሜዳው ከጧቱ ይልቅ የጸዳ ይሆናል።